ሲም ካርድ ያጣንበት ጊዜና የጋሽ ቱፋ ቁጥር

ጡረታ በወጣሁበት ቀን ጠረጴዛዬን የተረከበችኝ ልጅ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አንስታ "ይቺ ደግሞ የምን ናት እትዬ ሰዓዳ?" አለችኝ። የሲም ካርድ መሳቢያው ቁልፍ ነበረች። በርክክቡ ዝርዝር ውስጥ ማንም አላሰፈራትም። ልጅቷ መሳቢያውን ከፍታ አየች። ጥቂት ካርዶች፣ አንድ ላጲስና አንድ አሮጌ መቀስ ነበሩበት። መልሳ ዘጋችው።

እኔ ያንን መሳቢያ በቀን ሁለት ጊዜ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ አዲስ ስልክ የያዘ ደንበኛ ካርድ አይፈልግም። ቺፑ ከስልኩ ጋር አብሮ ተሠርቶ ስለሚመጣ እኛ ኮድ እንሰጠዋለን፣ እሱ ካሜራውን ኮዱ ላይ ይደግናል፣ ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ኢሲም ይሉታል። አንዳንዱ ሱቃችን ድረስ እንኳ አይመጣም። ሥራው እንዲህ ሲቀየር እዚያው ነበርኩ፤ በመሀሉም አንድ ከባድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ሁለቱን ለያይቼ መናገር ስለማልችል አንድ ላይ እጽፋቸዋለሁ።

ተወልጄ ያደግኩት ቀበና፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መንገድ ላይ ሲሰነብት ቤታችን ስልክ ስላልነበረ ደኅንነቱን የምንሰማው ቀድመውት ከሚገቡ ሾፌሮች ነበር። ስልክ መሥሪያ ቤት ስቀጠር "እንግዲህ የት እንዳለሁ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ" አለኝ።

የመጀመሪያ ምድቤ የሕዝብ ስልክ አዳራሽ ነበር። ሰው ክፍለ ሀገር ለመደወል ይመዘገባል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ መስመሩ ሲገኝ እኔ "ኮምቦልቻ፣ ካቢን ሦስት" እያልኩ እጣራለሁ። ካቢኑ በር ቢኖረውም የውስጡ ነገር ይሰማል። ሰው ስቆ ገብቶ አልቅሶ ይወጣል፤ ቀጥሎ የሚገባው ደግሞ ከበሩ ላይ ሆኖ ያየዋል። እኔ ፊቴን ሳልለውጥ ሒሳብ መቀበልን እዚያ ተማርኩ። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁለት ልጆች አሳድጎልኛል።

ከዚያ የቤት ስልክ ማመልከቻ መቀበያ ላይ ጥቂት ዓመታት ቆየሁና ሞባይል ሲስፋፋ ቀበና ወደሚገኘው ሱቅ ተዛወርኩ። ሙያዬን የተማርኩት እዚያ ነው። ያስተማሩኝም የሱቁ ኃላፊ ጋሽ ታደለ ናቸው።

ጋሽ ታደለ በወጣትነታቸው ምሰሶ ላይ እየወጡ መስመር የሚዘረጉ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ጊዜ ወድቀው ጉልበታቸው ስለተጎዳ ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወሩ። የኃላፊ ክፍል ነበራቸው፤ ግን አይቀመጡበትም። ቡናማ ጋዋናቸውን ለብሰው ከእኛ ጋር መስኮት ላይ ይውላሉ። ደንበኛ "ሲሜ አልሠራ አለ" ብሎ ሲመጣ ሌላው ሠራተኛ ወዲያው አዲስ ካርድ ያወጣል። እሳቸው ግን አሮጌውን ሳይመረምሩ አዲስ አያወጡም።

"ሲም ማለት ፕላስቲኩ አይደለም" ይሉኝ ነበር። "ይሄ ወርቃማው ነገር ደግሞ በሩ ነው። ባለቤቷ ቺፗ ከበሩ ኋላ ናት፤ የምስር ክክ ታህላለች።" ካርዱን በሁለት ጣቶቻቸው ጠርዙን ብቻ ይይዙና ወርቃማውን ገጽ በላጲስ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ቀስ ብለው ይጠርጉታል። እፍ አይሉበትም፤ "ምራቅ ጨው ነው፣ ያዝገዋል" ይላሉ። በሌላ ስልክ ይሞክሩታል። እንቢ ካለ ወደ መስኮቱ ዞረው ብርሃን ላይ አጋድለው ያዩታል። ቺፑ ከተሰነጠቀ ወርቁ ላይ ፀጉር የመሰለች መስመር ትታያለች። እኔ ያቺን መስመር ለመለየት ወራት ፈጅቶብኛል። ለይቼ ካወቅኳት በኋላ ግን የሞተ ካርድ ከቆሸሸ ካርድ ጋር ተምታቶብኝ አያውቅም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ካርድ ለሚያስተካ ሰው መታወቂያ ከመጠየቃቸው በፊት "በዚህ ቁጥር የሚደውልልዎ ማን ነው?" ይላሉ። እኔ መጀመሪያ ወሬ የሚወዱ መስለውኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

"የሚደውልለት ሐኪም ከሆነ ካርዱ ዛሬውኑ መሥራት አለበት" አሉኝ። "ለጨዋታ ከሆነ ነገ ይደርሳል። ሳትጠይቂ የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?"

ቀጥሎ አያት ሰፈር ወዳለው ሱቅ ተመደብኩ። ያኔ ኮንዶሚኒየሞቹ ገና እየተሞሉ ነበር፤ አዲስ ነዋሪ ሁሉ አዲስ መስመር ይፈልጋል። ከጠዋት እስከ ማታ ካርድ ከፕላስቲኩ እየነቀልኩ ጥፍሬ ተልጦ ነበር። ጋሽ ታደለ ጡረታ ሲወጡ ወደ ቀበና ተመልሼ በቦታቸው ኃላፊ ሆንኩ። ጋዋናቸውን አልወረስኩም እንጂ ላጲሳቸውን ወስጃለሁ።

የካርድ እጥረቱ የመጣው ከኮሮናው ወረርሽኝ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልገባንም። ካርዱ የሚመጣበት ፕላስቲክ በግማሽ አጠረ፤ ቁጠባ ነው ተባልን። ቀጥሎ የምንጠይቀው ካርድ ግማሹ ብቻ ይደርሰን ጀመር። ከዚያ ጭራሽ ሳምንት ሙሉ ሳይመጣ ይቀራል። የአካባቢያችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ሳምሶን ሰበሰበን። ከእኔ በብዙ ዓመት የሚያንስ፣ ጥሩ የተማረ ሰው ነው።

"ችግሩ እኛ ጋ አይደለም" አለን። "ቺፕ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። መኪናውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ኮምፒውተሩም ቺፕ ይፈልጋል። የኛ ሲም ከሁሉም ርካሽ ስለሆነ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው።"

አንዷ ሠራተኛ "እስከ መቼ?" አለችው።

"እሱን የሚያውቅ የለም። እኛ ግን ወደ ኢሲም እንሄዳለን። ስልኩ የሚቀበል ደንበኛ ሁሉ በኮድ ይስተናገድ። ያለውን ካርድ ለሌላው እንቆጥብ።"

መመሪያው ወጣ። አዲስ መስመር የሚፈልግ በኢሲም፤ ካርድ የሚሰጠው ለጠፋበትና ለተበላሸበት ብቻ፤ እሱም መታወቂያውና ምዝገባው አንድ በአንድ ሲገጥም። እውነቱን ለመናገር መመሪያው መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ኢሲም የሚቀበለው ስልክ ውድ ስልክ ነው። አያት ብሆን ኖሮ እጥረቱ ያን ያህል ባልተሰማኝ ነበር። ቀበና ሱቅ የሚመጣው ግን ከፈረንሳይ ሰፈር፣ ከዚያም በላይ ካለው ከእንጦጦ አቀበት የሚወርድ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ቅጠል የሚለቅሙ ሴቶች፣ ጥበቃዎች፣ የቀን ሠራተኞች። ለእነሱ ኮድ ምን ይሠራላቸዋል?

በእነዚያ ወራት የጋሽ ታደለ ላጲስ ብዙ ካርድ አድኗል። ሠራተኞቼን ሁሉ አስተማርኳቸው። አንድ ካርድ ሲነሳ "እንኳን ማረህ" እንባባል ነበር።

ጋሽ ቱፋ የመጡት በዚያን ጊዜ ነው። ከፈረንሳይ በላይ የሚኖሩ፣ ቀድሞ ገብስ አራሽ የነበሩ፣ አሁን የአንድ ትምህርት ቤት ጥበቃ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ካርዳቸውን በወረቀት ጠቅልለው አመጡ። ጠረግኩት፣ ሞከርኩት፣ ብርሃን ላይ አየሁት። መስመሯ ነበረች፤ ጠርዙም በመቀስ ተቆርጧል።

"ማን ነው የቆረጠው?" አልኳቸው።

"አንድ ስልክ ጠጋኝ። አዲሱ ስልክ አልውጥ ሲለው በመቀስ ከረከመልኝ። ለሦስት ቀን ሠራ፤ ከዚያ ዝም አለ።"

ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ አወጣሁ። በሴት ስም ነው የተመዘገበው። ጫልቱ ቱፋ ይላል።

"ልጄ ናት" አሉ። "አረብ አገር ስትሄድ በመታወቂያዋ አውጥታልኝ ሄደች።"

የቁጥሩ ባለቤት ራሷ ካልቀረበች ዝምድናን የሚገልጽ የወረዳ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ነገርኳቸው። አልተከራከሩም። በሁለት ሳምንታቸው ደብዳቤውን ይዘው ተመለሱ። ያን ጠዋት መሳቢያዬ ውስጥ አንድም ካርድ አልነበረም። በዚያ ላይ አቶ ሳምሶን ከላይ የመጡ እንግዶችን ይዞ ኢሲም እንዴት እንደሚሰጥ ሊያሳይ እየመጣ ነው። ሱቁ ተወልውሏል፤ እኔ ኮዱን እየደጋገምኩ እለማመዳለሁ።

"ካርድ ሲመጣ እንደውልልዎታለን" አልኳቸው።

"በምን ላይ ትደውሉልኛላችሁ?" አሉ።

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። የሰፈራቸውን ባለ ሱቅ ቁጥር ደብዳቤው ጀርባ ላይ አጻፉኝ። ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነው። ሥራ ላይ ያልዋለ ቁጥር ጊዜው ሲያልፍ ወደ ክምችት ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ባለቤቱ እየጠበቀ ከሆነ ግን ኃላፊው ቁጥሩን ማስያዝ ይችላል። ስሜን ጽፌ፣ ምክንያቱን ሞልቼ፣ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እንግዶቹ በር ላይ ደረሱ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ተነሳሁ። እንግዶቹ ሲሄዱ አቶ ሳምሶን አመሰገነኝ። ደብዳቤውን ረሳሁት።

ጋሽ ቱፋ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መጥተው በር ላይ ያለው ጥበቃ "ካርድ የለም" ብሎ መልሷቸዋል። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ከብዙ ወራት በኋላ፣ በአምስተኛው ሲመጡ ካርድ ገብቶልን ነበር። ደስ ብሎኝ ካርዱን ነቀልኩና ቁጥሩን ጻፍኩ። ማያው ላይ የወጣው ስም ሌላ ነው። ቁጥሩ ይሠራል። ዓይነቱ ኢሲም ይላል። አያት ባለው ሱቅ ነው የተሸጠው።

እንደገና ጻፍኩት። ያው ነው።

"ምነው?" አሉኝ።

"ጋሽ ቱፋ፣ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።"

"ለማን?" አሉ።

"እሱን መናገር አልችልም። ሌላ ጥሩ ቁጥር እሰጥዎታለሁ።"

"ልጄ፣ እኔ ቁጥር ምን ያደርግልኛል" አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ጫልቱ የራሷን ስልክ ቀጣሪዎቿ ወስደውባታል። በወር አንዴ በቤቱ ስልክ ያስደውሏታል። በቃሏ የምታውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ነው። እኔ የምደውልበት የለኝም። የላካት ቢሮም ተዘግቷል።"

መስኮቴ ላይ ሁለቴ ቆመው ይህን ሁሉ አላወቅኩም። አንድ ጊዜ ብጠይቅ ይበቃ ነበር። አዲስ ካርድ በአዲስ ቁጥር ሰጥቻቸው፣ አንድ ነገር እንደማደርግ ነግሬ ሸኘኋቸው። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር።

ለአቶ ሳምሶን ደወልኩለት። ሰምቶኝ ሲያበቃ "የሪፖርት ቅጹ ላይ 'ደንበኛው በጊዜው ባለመቅረቡ' ብለው ይሙሉት" አለኝ። ክፋት አልነበረውም። "ጡረታዎ ቀርቧል እትዬ ሰዓዳ። ፋይልዎ ንጹሕ ነው። ምን ያደርግልዎታል?"

ቅጹን እንዳለኝ ሞላሁት። ፈረምኩበትም። ከዚያ የዙሁር ሰላት ደረሰና ጓዳ ገብቼ ሰገድኩ። ከሰገድኩ በኋላ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥኩ ሰውዬው "በምን ላይ ትደውሉልኛላችሁ" ሲሉ የሳቅኩት ሳቅ ትዝ አለኝ። ተነስቼ ቅጹን ቀደድኩና ሌላ ሞላሁ። "ደብዳቤውን ተቀብዬ ቁጥሩን ሳላስይዝ የረሳሁት እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከኃላፊነትም ተነስቼ ወደ መስኮት ተመለስኩ። ይህን ያህል አልጎዳኝም። የጎዳኝ ጋሽ ታደለን ኮተቤ ቤታቸው ሄጄ ስነግራቸው የጠየቁኝ ነው።

"ማን እንደሚደውልለት ጠየቅሽው?" አሉኝ።

"አልጠየቅኩም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው አወራን።

የደንበኛን ስም ለሌላ ሰው መናገር አይፈቀድልኝም። ለራሷ ለደንበኛዋ መደወል ግን ይፈቀዳል። ደወልኩ። ሜላት የምትባል ወጣት ናት፤ የምትሠራው ቤት ማሻሻጥ ነው። ስለ ቁጥሩ ላነጋግርሽ ስላት ሥራ ስለበዛባት አያት ድረስ እንድመጣ ነገረችኝ። በባቡር ሄጄ ከመጨረሻው ፌርማታ አጠገብ አገኘኋት። ነገሩን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

"ትደውል ነበር" አለችኝ። "ከውጭ ቁጥር። መጀመሪያ 'አባባ' ትላለች። ተሳስተሻል እላታለሁ። ሦስቴ አራቴ ደወለች። እኔ ስካም መስሎኝ ነበር ማዘር፣ ቁጥሩ ብዙ ነገር ይመጣበታል።"

"ምን አለችሽ?"

"ሰውዬው የት ሄደ አለች። አላውቅም፣ ቁጥሩ አሁን የኔ ነው አልኳት። ከዚያ 'ሞቶ ነው?' አለችኝ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ዘጋሁት። ብሎክ አደረግኳት።"

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር አልፏል አለችኝ። እዚያው ፊቴ ብሎኩን አነሳች። መልሳ ልትደውል ሞከረች፤ ቁጥሩ ጥሪ አይቀበልም። ቁጥሩን እንድትመልስ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ቀድማኝ "በዚህ ቁጥር ነው ደንበኛ ሁሉ የሚያገኘኝ፤ ማስታወቂያው ላይ ወጥቷል" አለች። አልፈረድኩባትም፤ በሕጋዊ መንገድ ነው ያገኘችው። የጋሽ ቱፋን አዲስ ቁጥር ጻፍኩላት። "ከደወለች ይህን ስጫት። አባትሽ ደኅና ናቸው በያት።"

"እሺ። ስብሰባ ላይም ብሆን አነሳዋለሁ" አለችኝ። ቃሏን ጠብቃለች።

ለጋሽ ቱፋ መንገሩ ቀረ። በስልክ አይሆንም አልኩና በዕረፍቴ ቀን ፈረንሳይ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው በሩጫ ይወርዳሉ፤ እኔ በየእርምጃው እየቆምኩ እወጣለሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው። "አካም ቡልተን" አልኳቸው፤ የማውቃት የኦሮምኛ ሰላምታ እሷ ብቻ ናት። እሳቸው በኦሮምኛ ረጅም መልስ ሰጡኝ፤ አልገባኝም፤ ሁለታችንም ፈገግ አልን። ከዚያ የሆነውን ሁሉ፣ የኔን ጥፋትም፣ ልጅቷ በስልክ የጠየቀችውንም ነገርኳቸው።

የበሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"እንግዲያ አልቅሳለች" አሉ።

"ይመስለኛል ጋሽ ቱፋ።"

"ብቻዋን። በሰው ቤት። የሚያስተዛዝናት እንኳ የላትም" አሉ። እኔ ይቅርታ አድርጉልኝ አልኳቸው። አዩኝ። "እግዜር ይስጥሽ፣ ይሄን አቀበት ወጥተሽ መጥተሻል" አሉ እንጂ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልደገምኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ሜላት በየጥቂት ሳምንቱ ትደውልልኛለች። "አልደወለችም ማዘር።" ጋሽ ቱፋ ወደ ከተማ ሲወርዱ ሱቅ ጎራ ይላሉ፤ በር ላይ ሆነው ያዩኛል፤ ራሴን ስነቀንቅ ይመለሳሉ። ካርዱ በመጠኑ መምጣት ጀመረ። ኢሲም ግን አልቆመም፤ እየበዛ ሄደ። እኔም ለመድኩት። መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ የሚነካ ነገር አለመኖሩ ነበር። አንዱ ደንበኛ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሲያጸዳ ቁጥሩን አብሮ አጥፍቶ ይመጣል፣ ያንኑ አሮጌ ኮድ ፎቶ ያሳየኛል። ኮዱ አንዴ ከሠራ ሁለተኛ እንደማይሠራ ማስረዳት አለብኝ። ላጲስ አይረዳም፤ ብርሃን ላይ አጋድሎ ማየትም የለም። የቀረኝ ሰውዬውን መጠየቅ ብቻ ነው። ያን ግን ማንንም ሳልጠይቅ አላለፍኩም። "በዚህ ቁጥር ማን ነው የሚደውልልዎ?" እላለሁ። ወጣቶቹ ይገርማቸዋል።

ጡረታዬ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንድ ጠዋት ጋሽ ቱፋ መጡ። በር ላይ አልቆሙም፤ ቀጥ ብለው ወደ መስኮቴ መጡ። ከኋላቸው ጥቁር ሻሽ ያሰረች ቀጭን ሴት አለች።

"ይቺ ናት" አሉ።

ኮንትራቷ አልቆ ነው የመጣችው። ወሬውን የነገሩኝ ጋሽ ቱፋ ናቸው።

"ቤቱን ተቆልፎ አገኘችው። ጎረቤትም አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ያውቅ ይሆናል ብላ መጣች። በሩ ተንኳኳ፣ ከፈትኩ። ጥቁር የለበሰች ሴት ናት፣ አቀርቅራለች፣ አላወቅኳትም። ማንን ፈለግሽ አልኳት። ቀና ሳትል፣ እዚህ ይሠራ የነበረው የቱፋ ልጅ ነኝ፣ የተቀበረበትን የሚያሳየኝ ሰው ፈልጌ ነው አለች።"

"እርስዎ ምን አሉ?"

"ምን እላለሁ። ጫልቱ አልኳት።"

ሴትየዋ ሻሹን አስተካከለች። ጠርዙ ሲነሳ ከሥሩ ፀጉሯ ታየኝ፤ ለሐዘን ተላጭቶ የበቀለ ነው፣ ከጣት አይረዝምም። ቁጥሩን ሳላስይዝ ያለፍኳት ሁለት ደቂቃ እዚያ ነበረች።

"ጫልቱ" አልኳት፣ "ያንን ቁጥር ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።"

"አባባ ነግሮኛል" አለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። "መጀመሪያ ስሰማ እርስዎን መጥቼ ልሰድብ ነበር። መንገድ ላይ ተውኩት።" ወደ አባቷ ዞር አለች። "እሱን ነው የሰደብኩት። እንግዲህ በእውነት ስትሞት አላለቅስልህም፣ አንዴ አልቅሼልሃለሁ አልኩት።"

ጋሽ ቱፋ ሳቁ። እሷም በትንሹ። እኔ አልሳቅኩም፤ መታወቂያዎቻቸውን ተቀብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

የአባትየው ቁጥር በራሳቸው ስም መሆኑን አረጋገጥኩ። ለእሷ አዲስ መስመር ማውጣት ነበረብን። የያዘችው ስልክ ስትመለስ ቀጣሪዎቿ የሰጧት ደኅና ስልክ ነው፤ ኢሲም ይቀበላል። ኮዱን አሳየኋት፤ ካሜራዋን ደገነች፤ መስመሩ ገባ። "ይሄ ሊሰበር አይችልም?" አለችኝ። አይሰበርም፣ ግን ለረጅም ጊዜ ካልሠራሽበት ይወሰዳል፣ ከመሄድሽ በፊት መጥተሽ አስይዢው አልኳት። አልሄድም አለች።

የአባቷን ቁጥር ስልኳ ላይ ላስቀምጥልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። "ቆይ" አለችና ዓይኗን ጨፍና ቁጥሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ አለችው። ሁለት ቀን አጥንታዋለች። ማያው ላይ አንድ በአንድ ተከተልኳት። አልተሳሳተችም።